ያለ እኔ እንዳትጀምሪው

ለምወድሽ ልጄ፣

በስልክ የምነግርሽ በአንድ ጆሮሽ ገብቶ በሌላው እንደሚወጣ ስለማውቅ፣ ይህን ደብዳቤ ጻፍኩልሽ። አንብበሽ አስቀምጪው።

ሲያትልን በሚያህል ዝናባም ከተማ አርባ ዓመት ያለፋት ባለሸራ ጀልባ ገዝተሽ «አልጋዬ ላይ ይንጠባጠባል» ማለትሽ አልገረመኝም። የገረመኝ በመስኮቱ ዙሪያ ከላይ ሲሊኮን ቀብተሽ «ጨረስኩ» ማለትሽ ነው። ልጄ፣ ውሃ የሚገባበትና የሚንጠባጠብበት ቦታ አንድ አይደለም። ከላይ በአንድ የብሎን ቀዳዳ ይገባል፤ ከዚያ ከውስጠኛው ልባስ ጀርባ ሹልክ ብሎ ወርዶ፣ ራቅ ብሎ አልጋሽ ላይ ብቅ ይላል። ሲሊኮን ደግሞ አንዴ በነካው ቦታ ላይ ሌላ ማሸጊያ ቀርቶ አዲስ ሲሊኮንም በወጉ አይይዝም። ስለዚህ መስኮቱን ነቅሎ ማውጣት፣ አሮጌውን ማሸጊያም እስከ ፋይበርግላሱ ድረስ ፍቆ ማጽዳት ግድ ነው። ከሥራው ሁሉ ረጅሙና አሰልቺው ይህ ነው፤ የሚያድንሽም ይኸው ነው።

መስኮቱ ሲወጣ ቀድመሽ የክፍተቱን ጠርዝ እዪ። በብዙ አሮጌ ጀልባዎች ግድግዳው ሁለት ስስ ፋይበርግላስ ሆኖ መሃሉ ባልሳ እንጨት ነው። ባልሳ ቀላልና ጠንካራ ነው፤ ውሃ ከገባበት ግን ይበሰብሳል። ጠቁሮ በጥፍርሽ ስትነኪው ከረገበ፣ ደህናው እስኪመጣ ፍቀሽ አውጪው፣ በደንብ አድርቂው፣ ከዚያ በወፈረ ኢፖክሲ ሙዪው። ይህን ዘለሽ ያማረ መስኮት ብትገጥሚ፣ ያተረፍሽው ከውስጥ የሚበሰብስ ግድግዳ ነው።

አሁን ወደ መስኮቱ። እኔ በባሕር ኃይላችን ምጽዋ ሳለሁ ያገለገልኩባት «ኢትዮጵያ»፣ በ1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ ባሕር ኃይል የተረከብናት የሁለተኛው ዓለም ጦርነት መርከብ፣ ብረት ነበረች፤ መስኮቶቿም ወፍራም መስታወት። እዚያ የተማርነው «አጥብቀህ እሰረው» የሚለውን ነበር። ያንቺ ጀልባ ግን ሌላ ፍጥረት ናት። መስኮቷ አክሪሊክ የሚባለው ፕላስቲክ ነው፤ አክሪሊክ ደግሞ ሙቀት ሲያገኘው ከመስታወት ሰባት ስምንት እጥፍ ይለጠጣል። ርዝመቱ 80 ሳንቲ ሜትር የሆነ መስኮት ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲጨምር አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ይረዝማል። መንቀሳቀሻ ካጣ ከብሎኑ ቀዳዳ ጀምሮ ይሰነጠቃል፤ ወይ ማሸጊያውን ገንጥሎ ለውሃ በር ይከፍታል።

ስለዚህ የብሎኑን ቀዳዳ ከብሎኑ ሰፋ አድርገሽ ብሺው። ለብረት የተሠራ ፑንታ አክሪሊክን ይነክሰዋል፤ ለፕላስቲክ የተሠራውን ግዢ፣ ሳትጫኚ ቀስ ብለሽ ሰርስሪ። አዲሱን አክሪሊክ ስታስቆርጪ አሮጌውን መስኮት እንደ ልክ ተጠቀሚበት፤ ማዕዘኖቹ ክብ ይሁኑ፤ መከላከያ ወረቀቱንም እስከ መጨረሻው አትላጪው። ፖሊካርቦኔት ይሻላል የሚልሽ ሰው አይጠፋም። ምት በመቻል አዎ ይበልጣል፤ ግን ቶሎ ይጫጫራል፣ ፀሐይም ቢጫ ታደርገዋለች። ላንቺ አክሪሊክ ይበቃሻል። አደራ፣ አሴቶን አታስነኪው! አሴቶን ፋይበርግላሱን ያጸዳል፣ አክሪሊኩን ግን የፀጉር ያህል በቀጠኑ ስንጥቆች ይሞላዋል። ለእሱ አይሶፕሮፒል አልኮል ተጠቀሚ።

ማሸጊያውን በተመለከተ፣ ፖሊሰልፋይድ የሚባለው ለእንጨትና ለብረት ጥሩ ቢሆንም አክሪሊክን ይጎዳል። ለሕንፃ መስታወት የተሠራውን፣ ብዙ ባሕረኞች የሚያምኑበትን ዶውሲል 795 ሲሊኮን ግዢ። ሲሊኮኑ ውፍረት ያስፈልገዋል፤ የሚለጠጠው ውፍረት ሲኖረው ብቻ ነውና። ዙሪያውን 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ትናንሽ ጎማዎች ጣል ጣል አድርጊ። ብሎኖቹን ሲሊኮኑ በጠርዙ ብቅ እስኪል ብቻ እሰሪ፣ ከዚያ እጅሽን አንሺ። አጥብቀሽ ካሰርሽው ማሸጊያውን ጨምቀሽ ታወጪውና መስኮቱ በባዶ ይቀመጣል። በደንብ እስኪጠነክር ለቀናት ተዪው። ስትሞክሪው ውሃውን በጎማ ቱቦ ከታች ጀምረሽ ቀስ እያልሽ ወደ ላይ ልቀቂ፤ ከላይ ከጀመርሽ ሁሉም ስለሚረጥብ በየት እንደገባ አታውቂም።

ይህ ሁሉ የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ከውጭ መስኮቱን ይዞ ሲያስቀምጥ፣ ሌላው ከውስጥ ሆኖ ክፍተቱ ዙሪያውን እኩል መሆኑን እያየ «ወደ ግራ፣ ትንሽ ከፍ» ማለት አለበት፤ ሲሊኮኑም ቆዳ ሳያወጣ መጨረስ አለበት። ጓደኞችሽን ማስቸገር ትችያለሽ፤ እኔ ግን ቅር ይለኛል። አገራችን ሰማዩ በሚቀደድበት በሐምሌ እናንተ ዘንድ ደረቅ ነው፤ ትኬቴን ለዚያው እቆርጣለሁ። እናትሽ «በዚህ ጉልበትህ ጀልባ ላይ ምን ያወጣሃል?» እያለች ነው። ከውስጥ ቁጭ ብዬ አዛዥ እንደምሆን፣ የምትወጪው የምትወርጂው አንቺ እንደሆንሽ አስረጂልኝ።

እስከዚያ መስኮቶቹን ሳትነቅዪ ልካቸውንና ውፍረታቸውን ለክተሽ ላኪልኝ፤ አልጋሽንም ወደ ደረቁ ወገን አዙሪ። እግዚአብሔር ይጠብቅሽ።

የሚወድሽ አባትሽ
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ