በከፋ ደን ውስጥ ስለ ገጀራ የተማርነው

ከአዲስ አበባ ተነሥተን በጅማ በኩል 450 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዝን በኋላ ቦንጋ ገባን። ይህ አገር ቡና ማንም ሳይተክለው በዱር የሚበቅልበት የከፋ ምድር ነው፤ ደኑም በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ ዘንድ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል።

በማግሥቱ ማለዳ አንድ የአገሩ ሽማግሌ እየመሩን ወደ ደኑ ገባን። እርሳቸው አሮጌ ገጀራ በቆዳ አፎት ከተው ታጥቀዋል፤ ከጓደኞቻችንም አንዱ ከገበያ የገዛውን አዲስ ገጀራ ይዟል። ከታላላቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ቡናውና ኮረሪማው በቅሎ ስናይ ደስ አለን። ነገር ግን ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ ስለ ነበር ምድሩ ያዳልጣል፤ ጥቂት እንደ ሄድንም የወደቀ ግንድ መንገዱን ዘግቶ አገኘነው።

ጓደኛችን ማንንም ሳይጠይቅ ገጀራውን አንሥቶ በኃይል መታ። ብረቱ ከተገዛ ጀምሮ አልተሳለም ነበርና እንጨቱን ሳይይዝ ተንሸራቶ የጫማውን ቆዳ ሰነጠቀ፤ እግሩንም ጫረው። ደሙ ጥቂት ቢሆንም ድንጋጤው ብዙ ነበር። ሽማግሌው ቁስሉን በንጹሕ ውኃ አጥበው በጨርቅ ካሰሩለት በኋላ፣ «ልጄ፣ የጎዳህ ስለቱ አይደለም፤ መዶልዶሙ ነው። የተሳለ ብረት ራሱ ይሠራል፤ የዶለዶመ ግን ጉልበት ይጠይቃል፤ ጉልበትም በበዛ ጊዜ ብረቱ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም» አሉት።

ወዲያውም ከጅረቱ ዳር ተቀምጠው መሳል ጀመሩ። አስቀድመው የተሸረፈውን ጠርዝ በሞረድ አስተካከሉ። ቀጥሎ ድንጋዩን በውኃ አርሰው፣ የብረቱን ደነዝ ከድንጋዩ ጥቂት ከፍ አድርገው፣ ከእጀታው በኩል እስከ ጫፉ ድረስ በቀስታ ሳቡት። በአንደኛው ጎን የሳሉትን ያህል በሁለተኛውም ጎን ሳሉ። ጠርዙ ላይ እንደ ክር የቀጠነ ሻካራ ነገር በወጣ ጊዜ በለዘበ ድንጋይ አጠፉት፤ በመጨረሻም በቆዳ መታጠቂያቸው ላይ ወለወሉት። ጠርዙን ግን እንደ ምላጭ አላቀጠኑትም፤ እጅግ የቀጠነ ስለት ደረቅ እንጨት ሲመታ ይሸረፋልና።

ከዚህ በኋላ አመታቱን አሳዩን። ሰውን ሁሉ ከአጠገባቸው አራቁ፤ እግራቸውን ከፍተው ቆሙ፤ እንጨቱንም ቀጥ አድርገው ሳይሆን አግድመው አንድ ጊዜ ከቀኝ፣ አንድ ጊዜ ከግራ መቱት። ግንዱ ብዙ ሳያደክማቸው ተቆርጦ መንገዱ ተከፈተ።

እንጨት መቁረጥ ወደ ተከለከለበት ወደ ጥብቁ ክፍል በደረስን ጊዜ ግን ገጀራውን አፎቱ ውስጥ መልሰው፣ ሐረጉን በእጃቸው እየገለጡ አሳለፉን። ስለት ያለው ሰው መቼ እንደማይቆርጥም ማወቅ እንደሚገባው ከዚህ ተረዳን።

እንግዲህ ገጀራም ሆነ ትልቅ ቢላዋ በቤታችሁ ቢኖር፣ ከሥራ በኋላ ወልውላችሁና አድርቃችሁ ዘይት ቀቡት፤ ሕፃናት ከማይደርሱበትም አኑሩት። ለሰው ስትሰጡ እጀታውን ወደ ተቀባዩ አዙሩ። ከጉዞ በፊትም ሳሉት። ጓደኛችን ከዚያ ቀን ወዲህ ስንቁን ከመቋጠሩ አስቀድሞ መሳያ ድንጋዩን ይፈልጋል።