ሻይ ብቻ ይበቃኛል

ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። በሥራ ዘመኔ ከአፌ ከወጡት ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ ብዙ ገንዘብ ያስገባችው አንዲት ናት፦ «ከአመጋገብ ጥንቃቄ ጋር ይሠራል።» ወጣቷ ትመጣለች፤ ሰው አለመኖሩን ግራ ቀኝ አይታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ቦርጭ የሚያጠፋ ሻይ አላችሁ?» ትላለች። ቀጭን ወገብ የተሳለበትን ካርቶን ከመደርደሪያው አወርድና ከዚህች ዓረፍተ ነገር ጋር አስረክባታለሁ። ውሸት የለባትም። ከአመጋገብ ጥንቃቄ ጋር ሻዩም ይሠራል፣ ውሃም ይሠራል፣ ምንም አለመጠጣትም ይሠራል። ሥራውን የሚሠራው ጥንቃቄው ነው፤ ገንዘብ የሚከፈለው ግን ለካርቶኑ ነው።

መሸጤን አሠሪ አዞኝ ነው ብዬ ላልፈው እችላለሁ። የማላልፈው ማታ ማታ ያንኑ ካርቶን በቦርሳዬ ይዤ ቤቴ መግባቴንና አፍልቼ መጠጣቴን ነው። በቅናሽ ነበር የምገዛው።

አላውቅም ነበር ብዬ እንዳላመልጥ የማውቀውን ላስቀድም። ጥቁርም ሆነ አረንጓዴ፣ ካፋ ውስጥ ውሽውሽ የተለቀመም ሆነ ከቻይና የመጣ፣ ሻይ ያው የአንድ ተክል ቅጠል ነው፤ የሚለያየው ከተለቀመ በኋላ በሚደረግለት ነገር ነው። ካፌይን አለው። ካቴኪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮችም አሉት፤ እነዚህ በአረንጓዴው ይበዛሉ። ሁለቱ ተጋግዘው ሰውነት የሚያቃጥለውን ጉልበት ለጥቂት ሰዓት ትንሽ ከፍ ሊያደርጉት ይችላሉ። ጥያቄው ይህ ነገር ቀበቶ ላይ ይታያል ወይ ነው። የሕክምና ጥናቶችን እየሰበሰበ የሚመዝነው ኮክሬን እ.ኤ.አ. በ2012 በአረንጓዴ ሻይ ላይ የተደረጉ 18 ጥናቶችን አየ፤ በድምሩ 1,945 ሰዎች፣ ቢያንስ ለ12 ሳምንት የተከታተሏቸው። ከጃፓን ውጭ በተሠሩት ጥናቶች የሻዩን ቅመራ በወሰዱትና ባልወሰዱት መካከል የተገኘው አማካይ ልዩነት 0.04 ኪሎ ነው። ማለትም 40 ግራም፣ ከአንድ እንቁላል ያነሰ። የጃፓኖቹ ከዚህ የተሻለ ነበር፤ ከ0.2 እስከ 3.5 ኪሎ ድረስ። ግን አንዱ ከሌላው በጣም ስለተራራቀ አማካይ ሊወጣለት አልቻለም። ቅጠሉን አጭቀው በእንክብል የሚሸጡት ደግሞ ሌላ ጣጣ አላቸው፤ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2018 ከዋናው ካቴኪን በቀን 800 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ በእንክብል መውሰድ ጉበትን ሊያስቆጣ እንደሚችል አሳስቧል። ብርጭቆ ሻይ የሚጠጣ ሰው በዚህ አይሰጋ።

ካርቶኑ ውስጥ ያለው ግን ብዙ ጊዜ ሻይ እንኳን አይደለም። ጀርባውን አዙሮ ላነበበ ሰናመኪ አለበት። ሰናመኪን እናቶቻችን ያውቁታል፤ ሆድ ሲደርቅ የሚጠጣ ነው። ትልቁን አንጀት ቀስቅሶ ያስወጣል። የምግቡ ጉልበት ግን አብዛኛው የሚመጠጠው ቀደም ብሎ፣ ትንሹ አንጀት ላይ ነው፤ ሰናመኪው ሥራውን እስኪጀምር እንጀራው ደም ውስጥ ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣ አንድ ጥናት እንዳሳየው፣ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ወስደው ሆዳቸው በኃይል የተፈታ ሰዎች እንኳ የቀረባቸው ካሎሪ 12 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ጠዋት ሚዛን ላይ የሚጎድለው ውሃ ነው። ከውሃው ጋር ፖታሲየም ይወጣል፤ ሲደጋገም የልብን ምት እስከማዛባት ይደርሳል።

ከሁሉም የምፈራው ግን እውነት የሚሠራውን ካርቶን ነው። ሲቡትራሚን የሚባል የምግብ ፍላጎት የሚዘጋ መድኃኒት ነበር፤ የልብና የስትሮክ አደጋ ስለሚያበዛ እ.ኤ.አ. በ2010 ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ ወጣ። ከዚያ ወዲህ «ንጹሕ ተፈጥሯዊ» እየተባሉ በሚሸጡ የክብደት መቀነሻ ሻዮችና ቡናዎች ውስጥ ተደብቆ እየተገኘ፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ደጋግሞ አስጠንቅቋል። በሳምንት ውስጥ ልብስ የሚያሰፋ ሻይ ካገኛችሁ ደስ አይበላችሁ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የማውቅ ሰው ነበርኩ፣ ማታ ሰናመኪ እያፈላሁ የምጠጣው። ጠዋት ከፋርማሲው ማዶ ሚዛን ይዞ የሚቀመጠው ልጅ ዘንድ ሄጄ እመዘናለሁ፤ ቀንሶ ሳገኘው ሳንቲሙን ጨምሬ እከፍላለሁ። ውሃ መሆኑን እያወቅሁ ደስ ይለኛል። ለምን ደስ እንደሚለኝ ስመረምር ያገኘሁት ኮሶን ነው። አያቶቻችን ጥሬ ሥጋ ይወዱ ስለነበር በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጡ ነበር። የኮሶ ቀን በር ይዘጋል፤ እንግዳ ቢመጣ «ዛሬ ኮሶ ጠጥተዋል» ይባላል፤ እንግዳውም ሳይቀየም ይመለሳል። ሆድ ሲጠረግ ሰውነቱ አዲስ የሆነ የሚመስለን ሕዝብ ነን። እኔም ያንን ስሜት ነበር በፓኬት የምገዛው። ከጽዳቱ ይልቅ ግን የተዘጋው በር ነው የሚያስቀናኝ፤ በአንድ ቃል፣ ማንንም ሳያስቀይሙ እምቢ ማለት መቻል።

እምቢ ማለት አልችልበትም። ዘመድ ቤት ሲገባ ምግብ እምቢ ማለት ምግቡን ብቻ አይደለም የሚነካው፤ ያቀረበችውን ሴት እጅ መናቅ ነው። «በሞቴ!» ትላለች። «አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ!» ጉርሻው አፌ ላይ ደርሶ እንዴት ስለ ካሎሪ አወራለሁ? «ልከሳ ነው» ብል ደግሞ ሌላ መዘዝ አለው። እኔ ባደግሁበት ሰፈር የከሳ ሰው ስሙ በሹክሹክታ ነበር የሚነሣው። እ.ኤ.አ. በ2005 ነፃው የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት በነበሩት ዓመታት ጉንጩ የጎደለ ሁሉ ይጠረጠር ነበር። እናቴ እስከ ዛሬ «አማረብሽ» የምትለኝ ስወፍር ነው፤ ትንሽ ስቀንስ «ምን ነካሽ?» ብላ ግንባሬን ትዳስሳለች። ከዚህ ሁሉ በላይ፣ ለራሴም ጮክ ብዬ ያልነገርኩት አለ፤ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ቁራሽ የሚለምኑ እናቶችን አልፌ እየሄድኩ፣ የኔ ችግር መብላቴ ነው ብሎ መናገር አሳፈረኝ። ጾሙ እንኳ አልረዳኝም። ሁዳዴን ሙሉ ሥጋና ወተት ከልክሎኝ፣ በዳቦና ዘይት በጠገበ ሽሮ ካሰኝ። ለወገብ ብዬ መጾሜን ደግሞ ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም፤ እሱ የሌላ ቀን ጉዳይ ነው።

ሻይ በዚህ መካከል ነው የገባው። ሻይ ማንንም አያስቀይምም። ቤት ገብተሽ «ሻይ ብቻ ይበቃኛል» ካልሽ ተስተናግደሻል። ብርጭቆው እጅሽ ላይ እስካለ ድረስ ማንም ሰሐን አያስጨብጥሽም፤ ቀስ ብለሽ ከጠጣሽው ሰዓት ያሳልፋል። ስብ ያቃጥልልኝ ብዬ አልነበረም፤ እንዲናገርልኝ ነበር የምፈልገው። እኔ አፍ የሌለኝን «አልፈልግም» ሻዩ ይበልልኝ ነበር።

ችግሩ ስኳሩ ነው። ባዶ ሻይ ከውሃ ብዙም አይለይም፤ ካሎሪው ከቁጥር የሚገባ አይደለም። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ግን 4 ግራም ገደማ ነው፤ 16 ካሎሪ። እኛ ቤት ደግሞ ከሦስት በታች የሚጨምር ንፉግ ነው። በቀን አራት ብርጭቆ በሦስት በሦስት ማንኪያ ማለት 48 ግራም ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ቢቻል ከ25 ግራም አካባቢ አትለፉ ይላል። ክብደት ለመቀነስ የያዝኩት ብርጭቆ ራሱ ያወፍረኝ ነበር፤ ያውም ከጎኑ ፓስቲ ሳይቀርብ።

ስለዚህ አንድ ቀን፣ የዘመድ ልጅ ክርስትና ላይ፣ «ያለ ስኳር ይሁንልኝ» አልኩ። ቤቱ ዞሮ አየኝ። «ምነው? ስኳር አለብሽ እንዴ?» አለች የቤቱ እመቤት። «ጀምሮኛል መሰለኝ» አልኩ።

«መሰለኝ» የምትለዋን ቃል የጨመርኩት ለኅሊናዬ ነው። ማንም አልሰማትም። የፋርማሲ ሰው አይደለሁ? ስለ ራሴ በሽታ ማን ይጠረጥረኛል! ከዚያ ቀን ጀምሮ ድፎ ዳቦው በኔ ፊት ሲደርስ ዞሮ ያልፋል፤ ለስላሳውን ከእጄ ይቀሙልኛል፤ ጠጁን «ለሷ አይሆንም» ይሉልኛል። «በሞቴ» ቀረ። እንዴት ያለ ነፃነት እንደነበር ልነግራችሁ አልችልም። ክብደቴም እውነት መቀነስ ጀመረ። ሻይ አከሳኝ ብል አልዋሸሁም፤ ያከሳኝ ግን ሻዩ ውስጥ ያልገባው ነው። ሰናመኪውን ያን ጊዜ ተውኩት። ልብሴ ሰፋ፣ እናቴ አለቀሰች፣ ጸበል አመጣች። ጸበሉን ጠጣሁት።

እስከዚህ ድረስ ያለውን እየሳቅሁ የማወራው ነው። አሁን ወደ አክስቴ ልምጣ።

የእናቴ ታላቅ እኅት ናቸው፤ እትዬ ነው የምላቸው። እሳቸው እውነተኛው ስኳር አለባቸው፤ ብዙ ዓመታቸው ነው። ሜትፎርሚናቸውን ከኔ ነው የሚወስዱት። መለኪያው ቤታቸው አለ፤ ስትሪፑ ውድ ስለሆነ ግን አንዷን ፓኮ እንደ ዕጣን ቆጥበው ነው የሚጠቀሙባት። የኔን ወሬ ሲሰሙ ሌላው እንዳደረገው አላዘኑልኝም፤ ጎናቸው አስቀመጡኝ። «እኛ ስኳሮች» እያሉ ማውራት ጀመሩ። እግሬን ሁልጊዜ እንድመረምር፣ ጫማ ሳላደርግ ግቢ እንዳልወጣ፣ ድንገት ቢያንቀጠቅጠኝ ከረሜላ በቦርሳዬ እንድይዝ መከሩኝ። ምክራቸው ሁሉ ልክ ነበር። እኔ ለሌላ ሰው ከባንኮኒው ጀርባ በችኮላ የምናገረውን እሳቸው በፍቅር ይነግሩኝ ነበር፤ እያንገበገበኝ እሰማለሁ፣ ግን ዝም።

ለበዓል ቤታቸው የሄድኩ ጊዜ ቡናው ሳይፈላ «ነይ እስቲ ጣትሽን» አሉ። መርፌውን ለውጠው፣ ከተቆጠበችው ፓኮ አንዲት ስትሪፕ አውጥተው ለኩኝ። እምቢ ማለት አልችልበትም ብያችሁ የለ? 88 አለ መለኪያው።

«ተመስገን!» እልል አሉ። «አየሽ? ሻይሽ አዳነሽ!» ቀጥለው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ እንደ ምሥጢር፣ «እኔም ከባለፈው ማርያም ጀምሮ እንክብሉን ትቼ ያለ ስኳር ሻይ ብቻ አድርጌዋለሁ። አንቺን አይቼ ነው» አሉኝ።

«ተለክተዋል?»

«ስትሪፑን ላንቺ ብዬ ነዋ የቆጠብኩት።»

እጃቸውን ይዤ ለካሁ። 312። ቁጥሩን ሳየው የተሰማኝን ማስዋብ አልፈልግም፤ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ እሳቸው ኩላሊት ሳይሆን፣ እናቴ ስትሰማ ምን እንደምትለኝ ነው። ከዚያ ነው ሌላው የመጣው። «እትዬ፣ እኔ ስኳር ኖሮብኝ አያውቅም» አልኩ።

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነበር?»

«ልከሳ ፈልጌ ነው።»

ከራሴ እስከ እግሬ አዩኝ። ይቆጣሉ፣ ያለቅሳሉ ብዬ ጠበቅሁ። «ስትሪፔን ትመልሺልኛለሽ» አሉ። ማታውኑ ሙሉ ፓኮ ከሜትፎርሚኑ ጋር ወሰድኩላቸው፤ ሳያመሰግኑ ተቀበሉኝ፣ እንክብሉን በፊቴ ዋጡ። ጠዋት ሐኪማቸው ዘንድ አብሬያቸው ሄድኩ፤ መንገድ ላይ አንድም ቃል አላናገሩኝም።

ዘመድ አዝማዱ እስካሁን አልሰማም፤ እሳቸው አልተናገሩም፣ እኔም ተራ በተራ ለመንገር ድፍረቱ አልመጣልኝም። ፋርማሲው ውስጥ ካርቶኑ አሁንም መደርደሪያው ላይ ነው። የምትጠይቀኝን ልጅ አስቀድሜ «ሻይ በስንት ማንኪያ ትጠጫለሽ?» እላታለሁ። አንዳንዷ ትስቃለች፣ አንዳንዷ ተቆጥታ ሌላ ፋርማሲ ትሄዳለች፤ ባለቤቱም ይህን ጥያቄዬን አልወደደውም።

እትዬ ቤት ስሄድ ሻይ ይቀርብልኛል። እሳቸው ባዶውን ይጠጣሉ፤ የኔ ብርጭቆ ላይ ግን ሳይጠይቁኝ ስኳር መጨመር ይጀምራሉ። የብርጭቆውን አፍ በእጄ ሸፍኜ «ይብቃኝ እትዬ፣ ወፍሬያለሁ» እላለሁ።

«የቱ ጋ?» ይላሉ ማንኪያውን እንደያዙ።