የአባቴ ኤንትሬ፦ መኪና ናት ወይስ ብረት?

የመስቀል ሰሞን ወልቂጤ ሌላ ከተማ ናት። መርካቶ ሱቁን ዘግቶ የመጣው፣ ክፍለ ሀገር ንግዱን ጥሎ የመጣው፣ ዓመት ሙሉ ስልክ የማያነሳው ሁሉ አገሩ ይገባል። ክትፎው ተበልቶ ቡናው ሲፈላ ደግሞ ሲንከባለል የከረመ የቤተሰብ ጉዳይ ይነሳል። ባለፈው መስቀል የእኛ ቤት አጀንዳ አንድ ብቻ ነበር፤ ጓሮ የቆመችው የአባታችን ኤንትሬ ለቆራሌው ትሸጥ ወይስ ትቆይ?

ቆራሌው ዝግጁ ነው። በጋዝ ቆራርጦ፣ መዝኖ፣ በኪሎ ሊወስዳት ተስማምቷል። ከዚያ ትቀልጥና የአንዱ ፎቅ ፌሮ ትሆናለች። ታላቅ ወንድሜ ሒሳቡን በስልኩ ሠርቶ ጨርሷል። እህቴ "ሃያ ዓመት የዶሮ ማደሪያ ሆና ኖረች፣ ከዚህ በላይ ምን ትሁን?" አለች። እናቴ ዝም አለች። እኔ ብቻ "ትጠገናለች" አልኩ።

በምን ማስረጃ? በምንም። ፍሪላንስ ጋዜጠኛ ነኝ፤ እንጀራዬ ሰውን "ይህን በምን አወቅህ?" እያሉ መጠየቅ ነው። ታላቅ ወንድሜም ይህንኑ ጥያቄ መልሶ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም።

ለወጣት አንባቢ ትንሽ ልንገር። ኤንትሬ የምንላት የፊያት 682 ኤን 3 የጭነት መኪና ናት፤ "ትሬ" የጣሊያንኛ ሦስት ነው። ፊያት 682ን ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው፤ ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር። ዛሬም ጋራዥ ገብታችሁ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ቡሎን ሲባል የምትሰሙት የጣሊያን መኪና አገሩን ስላስተማረው ነው። አባቴ የእሱን ኤንትሬ በእቁብ ብር ያገለገለች ገዝቶ ከጅማ ቡና፣ ከአዲስ አበባ ጨውና ሸቀጥ ሲያመላልስባት ኖረ። ጊቤን ስንት ጊዜ ወርዶ እንደወጣ እሱም አያውቀውም። በ1996 ክረምት ሞተሩ ነክሶ አቆማት። "በበጋ አሠራታለሁ" አለ። በጋው ሳይመጣ እሱ አረጀ።

ወንድሜ አንድ ሳምንት ሰጠኝ። በከተማው ከኤንትሬ ጋር ያረጁ አንድ መካኒክ አሉ፤ ሰፈሩ "ጋሼ" ብቻ ነው የሚላቸው። ሄድኩ።

"ጋሼ፣ ሞተሩን መጥተው ቢያዩልኝ።"

"ሞተሩን ተወው" አሉኝ። "ሞተር ይገኛል፣ ካምቢዮ ይገኛል፣ ጋቢናውን ባትላሜራ ይሠራዋል። ሻንሲው ከሌለ ግን ጠገንኩ የምትለው መኪናህን አይደለም፣ ዕቃ ነው የምትሰበስበው።"

የመጀመሪያው ሥራቸው ሊብሬውን መጠየቅ ነበር። ከፊት ባለው የሻንሲው ጎን ላይ ቁጥሩ የተመታበትን ቦታ በሽቦ ብሩሽ ፈግፍገው፣ ጠመኔ ቀብተው፣ አሃዝ በአሃዝ አስነበቡኝ። አንዱ አሃዝ ግማሹ በዝገት ተበልቷል፤ ግን ይነበባል። ባይነበብ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ቁጥሯ የጠፋ መኪና ብትነሳም ምርመራ አታልፍም፣ ቦሎ አታገኝም።

ከዚያ መዶሻ ይዘው ሥር ገቡ። እኔ የዝገት ፍርድ በዓይን የሚሰጥ ይመስለኝ ነበር፤ ቀይ ከሆነ መጥፎ፣ ካልሆነ ደህና። የጋሼ ፍርድ በጆሮ ነው። ጤነኛ ብረት ሲመታ ይጮኻል፤ የተበላው "ዱ" ብሎ ይቀራል፣ እንደ በሰበሰ እንጨት። ከፊት ጀምረው ወደ ኋላ በየስንዝሩ እየመቱ ሄዱ። ላዩ እንደ በርበሬ የቀላው የፊት ክፍል ጮኸ። ዝገቱ ቆዳ ብቻ ነበር፣ በብሩሽ ተነሳ።

መሃል ላይ፣ ካምቢዮው አካባቢ፣ ብረቱ ጭራሽ አዲስ ነው ማለት ይቻላል። ምክንያቱን ሲነግሩኝ ሳቅኩ። የአባቴ ካምቢዮ ዘይት ያንጠባጥብ ነበር። እናቴ ግቢው ተበላሸ እያለች ስትጨቀጭቀው፣ እሱ "ነገ" እያለ ሲያልፍ፣ ያ ዘይት ከአቧራ ጋር ተጋግሮ ሻንሲውን እንደ ቅባት ሸፍኖት ኖሯል። አባቴ ያልጠገነው ነገር መኪናውን ጠበቀው።

የጠገነውስ?

ከኋላው ባሌስትራ በላይ፣ በግራ በኩል፣ አንድ ክንድ ተኩል የሚሆን ወፍራም ላሜራ በሻንሲው ላይ ተደርቦ ተበይዷል። ይህን ላሜራ አውቀዋለሁ። አባቴ እንግዳ ሲመጣ የሚያሳየው ነገር ነበር፤ "ከፋብሪካው ይበልጥ አጠንክሬያታለሁ" ይል ነበር። ጋሼ መዶሻውን እዚህ ላይ ሲያሳርፉት ድምፁ ሞተ። ላሜራው መሃሉ አብጧል፤ በእሱና በሻንሲው መካከል ጣት ይገባል።

እንዲህ ነው ያስረዱኝ። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ይፈልጋል። በሁለት ብረት መካከል ውሃ ገብቶ መውጫ ሲያጣ፣ የሚፈጠረው ዝገት እያበጠ ሁለቱን ይገፋቸዋል፤ ሪቬት ይበጥሳል፣ ወፍራም ብረት ያጎብጣል። የጨው ጭነት እዚያ ላይ ሲንጠባጠብ ኖሯል፤ መኪናዋ ከቆመች በኋላ ደግሞ ጥላዋ ሥር በግ ስናስር ነበር፣ ሽንቱ የቀረውን ሠራ። የወልቂጤ ሰው የቧንቧ ውሃ ጄሪካን ይዞ ሲጠብቅ ያድራል፤ ያ ላሜራ ግን ሃያ ክረምት ውሃ አቁሮ ኖሯል።

የባሰው ብየዳው ነው። የጭነት መኪና ሻንሲ ሁለት ረጃጅም ብረቶች ናቸው፤ ሲቆረጡ የ"ኮ" ፊደል ተጋድማ የምትመስል ቅርጽ አላቸው፤ በአግዳሚዎች የተያያዙ። ጭነቱን በዋናነት የሚሸከሙት የላይኛውና የታችኛው ከንፈር ናቸው፤ በሁለቱ ጎማዎች መካከል የታችኛው ይለጠጣል፣ የላይኛው ይጨመቃል። ከንፈሩ ላይ አቋርጦ የበየደ ሰው እሳቱ ባለፈበት መስመር ብረቱን ለስንጥቅ አዘጋጀው ማለት ነው። ሻንሲ እንዲተጣጠፍ ተብሎ የተሠራ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ግትር ስታደርገው ግትሩ የሚያልቅበት ጠርዝ ላይ ይሰበራል።

ስንጥቁን የፈለጉት በነጭ ጋዝ ነው። የብየዳውን ጠርዝ አጽድተው ጋዝ ቀቡት፣ ትንሽ ቆይተው ጠረጉት፣ የጠመኔ ዱቄት ነሰነሱበት። ሻይ ጠጥተን ስንመለስ ነጩ ዱቄት ላይ ቀጭን እርጥብ መስመር ወጥቷል። ስንጥቅ ውስጥ የገባው ጋዝ ነው ተመልሶ የወጣው። ከታችኛው ከንፈር ተነስቶ ወደ ላይ አራት ጣት ያህል ሄዷል።

በካሊፐር ለካን፤ ፊት ለፊት 8 ሚሊ ሜትር የሆነው ከንፈር እዚያ 5 አይሞላም። ከዚያ ከአራት ቦታ ቱንቢ ጥለን መሬቱ ላይ ምልክት አደረግንና በሲባጎ አግድሞሽ ለካነው። ሁለቱ ሲባጎዎች እኩል ከሆኑ ሻንሲው አልተጣመመም። ልዩነቱ ከጣት ስፋት ያነሰ ነው። ይህ መልካም ዜና ነበር።

"እና ጋሼ፣ ትጠገናለች?"

"ለምን?"

ጥያቄው አልገባኝም ነበር። "ለጭነት ነው ለመንዳት?" አሉኝ። ባዶዋን እንድትሄድ፣ ላሜራው ይነሳል፣ የተበላው ይቆረጣል፣ ከሌላ ኤንትሬ የተወሰደ ቁራጭ ይገባል፣ ከውስጥ በተመሳሳይ ቅርጽ ብረት ይደገፋል፣ በቡሎን ይታሰራል። ይቻላል። ለጭነት ግን ግራ ብቻ አይበቃም፤ ሁለቱም ረጃጅም ብረቶች መለወጥ አለባቸው። "ያኔ የአባትህ መኪና ናት የምትለው ቁጥሯን ብቻ ነው።"

እዚህ ላይ ከመኪና ወዳጆች ጋር እለያያለሁ። አሮጌ መኪና ማንሳት አሁን ፋሽን ብቻ አይደለም፣ ሒሳብም ነው። በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገለ ተሽከርካሪ ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ኤክሳይዙ እየከበደ መጥቷል፤ በጥር 2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መወሰኑ ተነገረን። የመኪና ዋጋ ሲሰቀል ጓሮ የቆመ ሁሉ ተስፋ ይሆናል። ታላቅ ወንድሜ ራሱ "ትጠገናለች" የሚለውን ሲሰማ ወዲያው "ስንት ኩንታል ትጭናለች?" ነው ያለው። በስቱኮና በቀለም የተሸፈነ ስንጥቅ ጭኖ ጊቤ የሚወርድ መኪና ከፊቱ ሚኒባስ አለ። መንገዳችን ላይ ስለሚሞተው ሰው ስጽፍ ኖሬ የአባቴ መኪና ስለሆነች ዝም ልል አልችልም።

ስለዚህ ተዋዋልን። የወንድሜንና የእህቴን ድርሻ በቆራሌው ዋጋ፣ በኪሎ፣ ከፈልኩ። ብሩ ለአዲስ ላፕቶፕ ያስቀመጥኩት ነበር። ወረቀቱ ላይ "ጭነት አትጭንም" የሚል መስመር አስገባሁ። ወንድሜ እየሳቀ ፈረመ። ልክ ነኝ ብዬ እርግጠኛ አይደለሁም፤ እህቴ አሁንም ያበድኩ ይመስላታል።

ላሜራው የተነሳ ዕለት እናቴ ወጥታ ቆማ ታይ ነበር። በግራይንደር ብየዳው ሲቆረጥ ብልጭታው ነጠላዋ ላይ እንዳይደርስ ፈቀቅ አልኩላት።

"ያን ጊዜ ከልክ በላይ ጭኖ ነው የተሰነጠቀችበት" አለችኝ። "ቤቱ ገና ጣሪያ አልነበረውም። የቆርቆሮውን ብር በአንድ ክረምት ካላመጣሁ ብሎ።"

ቀና ብዬ የቤታችንን ቆርቆሮ አየሁ። እሱም ዝጓል።

ላሜራውን ቆራሌው ወሰደው። 16 ኪሎ መዘነ።