ለቤት የሚሆን የጊታር አምፕሊፋየር አመራረጥ እና የዋት ቁጥር

ኤሌክትሪክ ጊታር ያለ አምፕሊፋየር ግማሽ መሣሪያ ነው። ከክሮቹ ሥር የተተከለው ፒካፕ፣ ማለትም ከማግኔትና ከቀጭን የመዳብ ሽቦ ጥቅል የተሠራው አካል፣ የክሩን ንዝረት ወደ እጅግ ደካማ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይለውጠዋል፤ ይህን ሞገድ አጎልብቶና የድምፅ ቀለም ሰጥቶ በስፒከር በኩል ወደ አየር የሚያወጣው ግን አምፕሊፋየሩ ነው። ስለዚህ አድማጭ የጊታር ድምፅ ብሎ የሚያውቀው ነገር ከእንጨቱና ከክሩ ባልተናነሰ ከዚህ ሣጥን የሚወጣ ነው። ይሁንና ለቤት መጫወቻ አምፕሊፋየር የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ ሐሳቡንም ገንዘቡንም በጊታሩ ላይ ጨርሶ፣ አምፕሊፋየሩን ፊት ለፊቱ ላይ በተጻፈው የዋት ቁጥር ብቻ ይመርጣል። ቤት ውስጥ ለሚጫወት ሰው ግን ይህ ቁጥር ከመመዘኛዎች ሁሉ የመጨረሻው ሊሆን ይገባዋል፤ የመጀመሪያው መመዘኛ አምፕሊፋየሩ ቮሉሙ እጅግ ዝቅ ሲል የሚሰጠው ድምፅ ነው።

ዋት የኤሌክትሪክ ኃይል መለኪያ ሲሆን፣ የሰው ጆሮ የኃይልን ጭማሪ በዚያው መጠን አይከተልም። የድምፅ ጥንካሬ በሚለካበት በዴሲቤል ሲሰላ፣ ኃይሉ እጥፍ ሲሆን የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ይህም ጆሮ ልብ የሚለው፣ ነገር ግን ትንሽ የሚባል ለውጥ ነው። አንድ አድማጭ ድምፁ እጥፍ ሆነ እንዲል ወደ 10 ዴሲቤል የሚጠጋ ጭማሪ ያስፈልጋል፤ ለዚህ ደግሞ ኃይሉ 10 ጊዜ ማደግ አለበት። በሌላ አነጋገር፣ ስፒከራቸው አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ባለ 50 ዋቱ አምፕሊፋየር ከባለ 5 ዋቱ የሚበልጠው በእጥፍ ያህል ብቻ ነው። በዋጋና በክብደት ያለው ልዩነት ግን ከዚህ እጅግ ሊርቅ ይችላል።

ጉዳዩን ይበልጥ ግልጽ የሚያደርገው የስፒከር ቅልጥፍና ነው። ይህ አንድ ስፒከር 1 ዋት ኃይል ተሰጥቶት በ1 ሜትር ርቀት ላይ ስንት ዴሲቤል እንደሚያሰማ የሚገልጽ ቁጥር ሲሆን፣ ለጊታር ተብለው የሚሠሩ ብዙ ባለ 12 ኢንች ስፒከሮች ከ95 እስከ 100 ዴሲቤል ባለው ክልል ውስጥ ይገኛሉ። 97 ዴሲቤል የተጻፈበት ስፒከር ቢወሰድ፣ አንዲት ዋት ብቻ በአንድ ሜትር ላይ 97 ዴሲቤል ታሰማለች ማለት ነው። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ብሔራዊ ተቋም ሠራተኞች በ85 ዴሲቤል ድምፅ ውስጥ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ እንዳይቆዩ፣ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥርም ጊዜው በግማሽ እንዲቀንስ ይመክራል። በዚህ ስሌት ለ97 ዴሲቤል የሚፈቀደው ጊዜ 30 ደቂቃ ብቻ ነው። መኝታ ቤት ውስጥ ከስፒከሩ አንድ ሜትር ርቆ የሚጫወት ሰው፣ ጎረቤቱንም የራሱን ጆሮም ካሰበ፣ አንዲቷን ዋት እንኳ ሙሉ በሙሉ አይጠቀምባትም።

ትልቅ ዋት ክብር ያገኘው ከመድረክ ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በብዙ አዳራሾች የነበረው የድምፅ ሥርዓት ለዘፋኙ ማይክሮፎን ብቻ የሚያገለግልና አቅሙም አነስተኛ ስለነበር፣ ጊታሩ ለመላው ታዳሚ የሚደርሰው በራሱ አምፕሊፋየር ጉልበት ነበር። ቢትልሶች እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1965 በኒውዮርክ ሼይ ስታዲየም ከ55 ሺህ በላይ በሆነ ሕዝብ ፊት ሲጫወቱ፣ ቮክስ የተባለው የእንግሊዝ አምራች 100 ዋት ያላቸው አምፕሊፋየሮች አቅርቦላቸው ነበር፤ ያም ሆኖ የታዳሚው ጩኸት ሙዚቃውን ውጦታል። በለንደን የሙዚቃ መሣሪያ መደብር የነበረው ጂም ማርሻልም ባለ 100 ዋት አምፕሊፋየሮቹን የሠራው እንደ ዘ ሁ ያሉ ባንዶች የበለጠ ጉልበት ስለጠየቁት ነው። ዛሬ መድረክ ላይ አምፕሊፋየሩ ፊት ማይክሮፎን ይቀመጣል፣ ድምፁን ለአዳራሹ የሚያደርሰውም የአዳራሹ ትልቅ የድምፅ ሥርዓት ነው፤ የ100 ዋት ፍላጎት ግን ምክንያቱ ካለፈ በኋላም በገዢዎች ልብ ውስጥ ቀርቷል።

በአንጻሩ ፌንደር የተባለው የካሊፎርኒያ አምራች ለጀማሪዎችና ለቤት ብሎ ይሠራው የነበረው ቻምፕ፣ ኃይሉ ወደ 5 ዋት ገደማ፣ ስፒከሩም 8 ኢንች ብቻ የሆነ ትንሽ ሣጥን ነበር። ጊታሪስቱ ኤሪክ ክላፕተን እ.ኤ.አ. በ1970 ማያሚ ውስጥ ዴሪክ ኤንድ ዘ ዶሚኖስ ከተባለው ባንዱ ጋር ሌይላ የተሰኘውን አልበም ሲቀዳ የተጠቀመው በዚሁ ትንሽ አምፕሊፋየር ነው። ትንሹ አምፕሊፋየር ለስቱዲዮ የተመረጠበት ምክንያት ለቤት ተጫዋችም ቁም ነገር ስላለው ሊብራራ ይገባል። ቻምፕና በዘመኑ የነበሩት መሰሎቹ ሞገዱን የሚያጎሉት በቲዩብ፣ ማለትም ውስጡ አየር አልባ በሆነና ሲሠራ በሚግል የመስታወት ቱቦ ነው። ቲዩብ ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ የሞገዱን ጫፍ መቁረጥ ይጀምራል፤ ይህም ዲስቶርሽን ይባላል፣ ጊታሪስቶችም የሚወዱት ሻካራና የሚስብ ድምፅ የሚወጣው ከዚህ መጨናነቅ ነው። ባለ 5 ዋቱ ወደዚህ ደረጃ በቶሎ ሲደርስ፣ ባለ 50 ዋቱ ግን ከመድረሱ በፊት ሰፈሩን ያናውጣል።

ስለዚህ ትልቅ የቲዩብ አምፕሊፋየር ገዝቶ ቮሉሙን ቁጥር 1 ላይ አድርጎ የሚጫወት ሰው የከፈለበትን ድምፅ አያገኝም። ብዙዎቹ የቆዩ ዓይነቶች ላይ ደግሞ ቮሉሙ ከዜሮ ትንሽ ሲነካ ምንም አይሰማም፣ ከዚያም የፀጉር ስንጥቅ ታህል ሲዞር ድምፁ በአንድ ጊዜ ይፈነዳል፤ በዚህች ጠባብ ቦታ ላይ ትክክለኛውን ልክ ማግኘት በየዕለቱ የሚያሰለች ትግል ነው። አንዳንድ አምራቾች ማስተር ቮሉም የሚባል ሁለተኛ መቆጣጠሪያ በመጨመር፣ የመጀመሪያው ክፍል እንደ ልብ እንዲጨናነቅ፣ የመጨረሻው ድምፅ ግን ዝቅ እንዲል አድርገዋል። ይህ ይረዳል፤ ቢሆንም የቲዩቡ ውበት በከፊል የሚመነጨው ከመጨረሻው የኃይል ክፍልና ከስፒከሩ መጨናነቅ ስለሆነ፣ ሙሉ ምትክ አይሆንም። በተጨማሪ ቲዩብ ያልቃል፣ ይሰበራል፣ መለዋወጫውም በየቦታው አይገኝም፤ ውስጡ ያለው ቮልት ከፍተኛ ስለሆነና ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ኤሌክትሪክ በሚያከማቹት ካፓሲተሮች ውስጥ ሊቆይ ስለሚችል፣ ያልሠለጠነ ሰው ሣጥኑን መክፈት የለበትም።

ዝቅተኛ ድምፅ ሌላም ችግር አለበት፤ ይህኛው ከጆሮ የሚመነጭ ነው። የቤል ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች ፍሌቸርና መንሰን እ.ኤ.አ. በ1933 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ የሰው ጆሮ ድምፅ ዝቅ ሲል ወፍራሙን ድምፅ ከመካከለኛው ይበልጥ እየሳተ ይሄዳል። በሱቅ ውስጥ ከፍ ብሎ ሲሞከር ሞላ ያለና የሚያረካ የነበረው አምፕሊፋየር ቤት ገብቶ ዝቅ ሲል የሰለለና የደረቀ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ገዢው ተታለልኩ ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። መፍትሔው ሙከራውን እዚያው ሱቅ ውስጥ በቤት ልክ ማድረግ ነው። ቮሉሙ ከጎን ያለ ሰው ሳይጮህ ማውራት እስከሚችልበት ድረስ ይወርዳል፤ ከዚያም ወፍራሙ ስድስተኛ ክር ለብቻው ተመትቶ ድምፁ አካል እንዳለው ይደመጣል፣ ቀጭኑ አንደኛ ክር ይመታና ጆሮ ይወጋ እንደሆነ ይፈተሻል፣ ከዚያም ክሮቹ በመዳፍ ታፍነው በዝምታው ውስጥ ምን ያህል ሹክሹክታና እዝታ እንዳለ ይደመጣል። መድረክ ላይ ማንም የማይሰማው እዝታ ማታ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ጎልቶ ይወጣል። ሙከራውም ገዢው ቤቱ ባለው በራሱ ጊታር ቢሆን ይመረጣል።

ከቲዩብ ውጪ ያሉት ሁለት መንገዶች ለቤት የተሻሉ ናቸው ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው በትራንዚስተር የሚሠራው ሲሆን፣ ርካሽና ጠንካራ ነው፤ ድምፁ የጠራ ይሁን እንጂ ሲጨናነቅ ደስ አይልም የሚል ስም አለው። ሆኖም የጃፓኑ ሮላንድ ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው ጃዝ ኮረስ በትራንዚስተር የሚሠራ ሆኖ ሳለ በጠራ ድምፁ የብዙ ባለሙያዎች ምርጫ መሆኑ፣ ትራንዚስተር የድሃ ምርጫ ነው የሚለውን አመለካከት ያፈርሰዋል። ሁለተኛው መንገድ ሞዴሊንግ ይባላል፤ ይህም የታወቁ አምፕሊፋየሮችን ባሕርይ በኮምፒውተር ስሌት አስመስሎ ማቅረብ ነው። የዚህ ዓይነቱ ጥቅም ዲስቶርሽኑ ከቮሉሙ ጋር ያልተሳሰረ መሆኑ ነው፤ ስሌቱ ስለሚሠራው፣ ሕፃን በተኛበት ክፍል ውስጥ እንኳ የትልቅ አምፕሊፋየር መልክ ያለው ድምፅ ይገኛል። ያማሃ በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቲ.ኤች.አር 10 ኃይሉ 10 ዋት፣ ስፒከሮቹም 8 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ትንንሾች ሲሆኑ፣ ከመነሻው የታሰበው ለመድረክ ወይም ለባንድ ልምምድ ሳይሆን ለቤት ነው። ቦስ ያወጣው ካታና ደግሞ ባለ 50 ዋት ቢሆንም ኃይሉን ወደ ግማሽ ዋት የሚያወርድ ማብሪያ አለው፤ አምራቹ ራሱ ለቤት ግማሽ ዋት እንደሚበቃ መቀበሉ ለክርክሩ ጥሩ ማስረጃ ነው። የነዚህ አምፕሊፋየሮች ጉድለት የምርጫ ብዛት ነው፤ ጀማሪው ክሩን ከመምታት ይልቅ ቁልፍ ሲነካካ ያመሻል፣ ስለዚህ ጥቂት ቁልፍ ያለው ቢመረጥ ይበልጣል።

ጊታርን ቤት ባለው ቴፕ ወይም የሙዚቃ ስፒከር ላይ መሰካት ለምን እንደማያዋጣም እዚህ ላይ ግልጽ ይሆናል። የጊታር ስፒከር ከ5 ሺህ ሄርዝ በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ ብዙም አያወጣም፤ ይህ ጉድለት የሚመስል ጠባይ ዲስቶርሽን የሚፈጥረውን ጆሮ የሚቧጥጥ ጩኸት ያጣራል። የቤት ስፒከር ግን ሁሉንም እንዳለ ስለሚያወጣው ድምፁ የተናደደ ንብ ይመስላል።

ለኢትዮጵያ ሙዚቃ ተጫዋች የጠራው ድምፅ ልዩ ክብደት አለው። በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺሆዬ ቅኝቶች የሚጫወት ጊታር አምስት ድምፆችን ይዞ፣ በየመሃሉ በሚገቡት ፈጣን ጌጦችና መንሸራተቶች የሚናገር በመሆኑ፣ ብዙ ዲስቶርሽን እነዚህን ጥቃቅን ጌጦች አድቅቆ ይደባልቃቸዋል። ስለዚህ ለዚህ ሙዚቃ የሚገዛ ሰው በመጀመሪያ መፈተን ያለበት ምንም ያልተጨመረበትን ንጹሕ ድምፅ ነው፤ ኤሌክትሪክ ክራር የሚሰካበት ከሆነም ይኸው ፈተና ይበልጥ ይጠቅማል። ትንሽ ሪቨርብ፣ ማለትም በሰፊ አዳራሽ ውስጥ ያለ የሚመስል የድምፅ ተከታይ፣ ቢጨመርበት ለትዝታ ይበቃል።

ስፒከሩም ሣጥኑም ትልቅ ሲሆኑ ወፍራሙ ድምፅ ይሻሻላል፤ በኮንዶሚኒየም ለሚኖር ግን ይኸው ወፍራም ድምፅ በወለሉ አልፎ ታች ቤት የሚደርሰው ነው። አምፕሊፋየሩን ከወለሉ አንስቶ ወንበር ላይ ማስቀመጥና ከግድግዳ ጥግ ማራቅ ይህን በከፊል ይቀንሳል፣ ድምፁንም ወደ ቁርጭምጭሚት ሳይሆን ወደ ጆሮ ያመጣዋል። የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ያለውን መምረጥ ደግሞ ማታ ለሚለማመድ ሰው የግድ ነው፤ የዴሲቤሉ ገደብ ግን እዚያም አይነሳም።

የሚቀረው የኤሌክትሪክ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ስሕተት ገንዘብ ያስከፍላል። የኢትዮጵያ የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልትና 50 ሄርዝ ሲሆን የአሜሪካው 120 ቮልትና 60 ሄርዝ ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ አምፕሊፋየር በቀጥታ አዲስ አበባ ውስጥ ሶኬት ላይ ከተሰካ ይቃጠላል፤ ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ቢገዛለትም፣ ለ60 ሄርዝ ብቻ የተሠራ ከሆነ በ50 ሄርዝ ሲሠራ ከልክ በላይ ሊግል ይችላል። ከአውሮፓ፣ ከእስራኤል ወይም ከዱባይ የሚመጣው በቮልቱም በሄርዙም ይስማማል። ከ100 እስከ 240 ቮልት ተብሎ የተጻፈበት አዳፕተር ያላቸው ትንንሽ ሞዴሎች በሁሉም አገር ይሠራሉ፤ እንደ ሮላንድ ማይክሮ ኪዩብ በስድስት ትንንሽ ባትሪ ድንጋዮች የሚሠሩት ደግሞ መብራት ሲጠፋም አይቆሙም። ባለ ሦስት እግር መሰኪያ ያለው አምፕሊፋየር የግራውንድ እግሩ ፈጽሞ ሊቆረጥ አይገባም፤ የጊታሩ ክሮች ከዚያ መስመር ጋር የተያያዙ ስለሆኑ፣ ብልሽት ቢኖር ተጫዋቹን የሚጠብቀው እርሱ ነው። ከአሜሪካ ለወንድም ወይም ለእኅት ልጅ አምፕሊፋየር ለመላክ ያሰበ ሁሉ፣ ሒሳቡን ከመክፈሉ በፊት ከሣጥኑ ጀርባ የተጻፈውን የቮልትና የሄርዝ ቁጥር ፎቶ አንሥቶ ለተቀባዩ ይላክለት።