ከግቢው አጥር ባሻገር ያሉ መጻሕፍት

ለብዙ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቤተ መጻሕፍት ማለት የተማሪነት መታወቂያው የሚያስገባው ያ አንዱ ሕንፃ ነው። በፈተና ሰሞን ወንበር ለመያዝ ገና ሳይነጋ ይሰለፍበታል። የፈለገው መጽሐፍ ሲታጣ ግን ወደ ሌላ ደጅ አይሄድም፤ የጥናቱን ርእስ ይለውጣል። ጉዳቱ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። መጽሐፍ በመታጣቱ የተተወ ጥያቄ በመመረቂያ ጽሑፎች ዝርዝር ውስጥ አይታይምና፣ ስንት ጥያቄ እንደ ቀረ የሚቈጥር የለም።

ከአዲስ አበባ ውጭ በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ የምትማር አንዲት የታሪክ ተማሪ ከዚህ ልማድ ወጣች። ልታጠና የፈለገችው በ1965 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ በበረታበት ወቅት የዘመኑ ጋዜጦች ምን እንደ ጻፉና ምን በዝምታ እንዳለፉ ነበር። በግቢዋ ስለ ረሃቡ ኋላ የተጻፉ መጻሕፍት ነበሩ፤ ጋዜጦቹ ግን አልነበሩም። አማካሪዋ ርእሱን እንድትቀይር ቢመክሯትም፣ እርሷ የሦስት ቀን ወጪዋን ቈጥባ አዲስ አበባ ገባች።

በከተማዪቱ ያሉትን ቤተ መጻሕፍት ለመጠቀም እያንዳንዳቸው ለምን ተግባር እንደ ተቋቋሙ ማወቅ ይበጃል። ወመዘክር በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ነው። በአገር ውስጥ ከሚታተሙ ጽሑፎች ቅጂ እንዲገባለት ሕግ ስለሚያዝ፣ የቆየ ጋዜጣ ፈላጊ አስቀድሞ ሊሄድ የሚገባው ወደዚያ ነው። በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተውና በስድስት ኪሎ ግቢ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ደግሞ ስለ አገሪቱ በውጭ ቋንቋዎች የተጻፉ መጻሕፍትንና ያልታተሙ የጥናት ጽሑፎችን ሰብስቧል። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ቤተ መጻሕፍት የአህጉሩን የኢኮኖሚ ሰነዶች ይይዛል፤ ወደ ግቢው መግባት ቅድሚያ ፈቃድ ቢጠይቅም፣ ብዙዎቹ ኅትመቶቹ በኢንተርኔት በነፃ ይነበባሉ። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ የተመረቀው አብርሆትም ጸጥ ያለ የንባብ ወንበር ላጣ ተማሪ ሰፊ ቦታ አለው።

ተማሪዋ የያዘችው የትብብር ደብዳቤ ማኅተምና ፊርማ ቢኖረውም፣ «አስፈላጊው ትብብር ይደረግላት» ከማለት በቀር የጋዜጦቹን ስምና ዘመን አልጠቀሰም ነበር። የመጀመሪያው ቀን በማስረዳት አለቀ። ርእሱን፣ የሚፈለገውን የሰነድ ዓይነትና ዓመቱን የሚዘረዝር ደብዳቤ ቢሆን ኖሮ፣ ባለሙያው ፍለጋውን ከየት እንደሚጀምር ባወቀ ነበር።

በሁለተኛው ቀን የካታሎግን ጠባይ ተማረች። የአገር ውስጥ ጋዜጣ 1965 የሚለው ዓመት በውጭ ሰነድ 1972 እና 1973 ላይ ይወድቃል። የኢትዮጵያዊ ደራሲ ስምም በአንዱ ካታሎግ በራሱ፣ በሌላው በአባቱ ስም ይመዘገባል። በሁለቱም መንገድ ያልፈለገ አንባቢ፣ መደርደሪያ ላይ ያለውን መጽሐፍ «የለም» ብሎ ይመለሳል።

በሦስተኛው ቀን የተጠረዙት ጋዜጦች ፊቷ ቀረቡ። ተውሶ መውሰድ ስለማይቻል፣ የተጻፈውንም ሳይጻፍ የቀረውንም ቀን በቀን እየለየች በእጇ መዘገበች። ሌላ አንድ ሳምንት ብታገኝ በወደደች፤ ርእሷን ግን አልለወጠችም።

ዩኒቨርሲቲዎች ለዚህ ብዙ ገንዘብ አያስፈልጋቸውም። የትብብር ደብዳቤው በመመረቂያው ዋዜማ ሳይሆን ርእሱ በጸደቀበት ሳምንት ቢሰጥ፣ በአካባቢው ያሉ ቤተ መጻሕፍት ዝርዝርም ከመግቢያ ሁኔታቸው ጋር በንባብ ክፍሉ በር ላይ ቢለጠፍ፣ ከእርሷ በኋላ የሚመጣው ተማሪ ሦስቱንም ቀን በማንበብ ያሳልፋል።