ድንጋይዋ

ለአምስት ወራት ያህል መኪናዬን የምታቆምልኝ አንዲት ድንጋይ ነበረች። ደሴ ሜዳ የላትም ቢባል ብዙ ከሐቅ አይርቅም፤ የእጅ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ብስበውም መኪናዋ ቁልቁል ታዘግም ስለ ነበር፣ ድንጋይዋን ከወንበር ሥር አወጣና ከኋላው ጎማ ሥር እሸጉጣታለሁ። እንደ ጭነት መኪና ረዳት! ጎረቤት ለመደው፤ እኔም ለመድሁት።

እናቴ ለሕክምና አዲስ አበባ የምትሄድበት ቀን ደረሰ። ደሴ አውሮፕላን አያርፍባትምና መንገደኛዋ ኮምቦልቻ መውረድ አለበት። ደሴ በ2,500፣ ኮምቦልቻ በ1,850 ሜትር ከፍታ ገደማ ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው ሐረጎ አለ። 1,200 ኪሎ የሚመዝን መኪና ያን ያህል ሲወርድ የሚወጣው ሙቀት 20 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ማርሽ ይዞ የሚወርድ ሰው ከፊሉን ለሞተሩ ያካፍላል፤ የቀረውን የሚሸከመው በአብዛኛው ፍሬኑ ነው።

ሐረጎን ስናጋምስ የሚቃጠል ነገር ሸተተን።

«ምን ይሸታል ልጄ?» አለች።

«ከፊታችን ያለው ከባድ መኪና ነው» አልኋት።

ከፊታችን መኪና አልነበረም።

እርሷን ሸኝቼ በቀጥታ ኮምቦልቻ ወዳለ አንድ ጋራዥ ሄድሁ። ሽማግሌው መካኒክ የቀኙን የኋላ ጎማ ፈትቶ ካሊፐሩን ሲያወርድ ጉዴ ታየ። ካሊፐሩ ከሚንሸራተትባቸው ሁለት ፒኖች የአንዱ ጎሚኒ ተቀድዶ፣ ጭቃና ውሃ ግሪሱን አጥቦ፣ ብረቱ በዝገት ተጣብቋል። የውስጠኛው ሸራ እስከ ብረቱ ተበልቶ ሳለ የውጪው ገና አዲስ ይመስላል። የእጅ ፍሬኑ ክንድም ዝጎ ኖሯል፤ ስስበው በቅጡ አይጨብጥም፣ ስለቀውም በቅጡ አይለቅም።

«ይጠገናል ወይስ ይቀየራል?» አልሁት።

መልስ ሳይሰጥ ፒስተኑን አወጣና በጥፍሩ ዳሰሰው። የቀኙን ዝገት ቦርቡሮታል፤ እንዲህ ያለው ላይ አዲስ ጎሚኒ ቢያደርጉበት የፍሬን ዘይት ማፍሰሱ አይቀርም። የግራው ለስላሳ ነበር። ስለዚህ ቀኙ ተቀየረ፤ ግራው ተጠገነ። ለቀኙ ያገለገለ ካሊፐር ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ፣ እስኪመጣ አራት ቀን ጠበቅሁ። በአራቱም ሌሊት ያቺ የሐረጎ ሽታ ቀሰቀሰችኝ።

በአራተኛው ቀን ተለማማጁ ልጅ የግራውን ፒስተን በማሰሪያ ጨምቆ ሊያስገባ ሲታገል ሽማግሌው ጮኸ፦ «አዙረው እንጂ አትግፋው!» ከውስጥ ከእጅ ፍሬኑ ጋር የተያያዘ ፒስተን እንደ ብሎን ጥርስ አለው፤ እየዞረ ነው የሚገባው፤ በጉልበት ከተገፋ ውስጡ ይሰበራል። ልጁ ጎሚኒውን በቤንዚን ሊያጥብ ሲልም ከእጁ ነጠቀው፤ ያብጣልና። በመጨረሻ አየሩን ከዘይቱ አስወጥተው ቁልፉን ሰጡኝ።

እናቴ በሳምንቱ ተመለሰች። ሐረጎን ስንወጣ ስለ ሐኪሞቹ ስታወራ ቆየች፤ ያን ዕለት ከሸተተን ቦታ ስንደርስ ግን ዝም አለች። ዝምታዋን አወቅሁት።

ቤታችን በር ላይ የእጅ ፍሬኑን ሳብሁት። መኪናዋ ቀጥ ብላ ቆመች። እናቴ ግን ከመቀመጫዋ አልተነሣችም።

«ድንጋይዋስ?» አለችኝ።

ወርጄ ሸጎጥሁላት።