ለባለቤቴ የመረጥሁት የእንጦጦ መንገድ

ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን እንደ ግድግዳ ቆሞ የሚታየውን የእንጦጦን ተራራ የማያውቅ የከተማችን ነዋሪ የለም። ዳግማዊ ምኒልክ ወደ ፍል ውሃው ሜዳ ከመውረዳቸው በፊት መናገሻቸው እዚያ ላይ እንደ ነበረ፣ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥትነቱን ዘውድ የጫኑትም በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን እንደ ሆነ ልጆቻችን ሁሉ ይማሩታል። እኔ ግን ዛሬ ስለ ቤተ መንግሥቱም ሆነ ስለ ደብሩ ታሪክ ለመጻፍ አልተነሣሁም። የተነሣሁት በዚያ ተራራ ላይ ስላለ አንድ ቀጭን መንገድ፣ በዚያም መንገድ ከብዙ ዓመት በኋላ ብስክሌት ስለ ነዳችው ስለ ባለቤቴ ለማውጋት ነው። ከአንባብያን መካከል እንደ እኔ የትዳር ጓደኛውን ወደ ተወችው ነገር ሊመልስ የሚያስብ ቢኖር፣ ከስሕተቴ ጥቂት ያተርፍ ይሆናል።

ባለቤቴ ያደገችው ባሕር ዳር ነው። ባሕር ዳርን የሚያውቅ ሰው ይህን ብቻ ሲሰማ ነገሩ ይገባዋል፤ በጣና ዳር የተዘረጋችው ያች ከተማ ሜዳ ስለ ሆነች ተማሪውም፣ ሠራተኛውም፣ ነጋዴውም በብስክሌት ይመላለስባታል። እርሷም ማርሽ በሌላት ከባድ ጥቁር ብስክሌት ታናሽ ወንድሟን ከኋላ አፈናጣ ትምህርት ቤት ትሄድ ነበር። ከዚያ በኋላ ትዳር መጣ፤ ኑሯችን አዲስ አበባ ሆነ፤ ልጆች ተወለዱ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ፔዳል ሳትረግጥ ቀረች። እኔ ግን አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ሐኪም ሰውነትህን አንቀሳቅስ ስላለኝ የተራራ ብስክሌት ገዝቼ ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ የምወጣ ሰው ሆንሁ።

በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት የተባለው ሥራ ሲጀመር በአንዳንድ ጎዳናዎች ዳር ለብስክሌት የተለየ መንገድ ተበጀ። ትንሿ ልጃችን እዚያ ላይ ስትለማመድ እናቷ ቆማ ስትመለከታት ቆየችና «እስቲ እኔም ልሞክረው» አለች። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ወጣችበት፤ ትናንት የተለየችው ይመስል ቀጥ ብላ ሄደች። ልጃችን አጨበጨበች። ስሕተቴን የጀመርሁት በዚያው ቀን በደስታ ብዛት ነው።

ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር ለእርሷ ብስክሌት ተከራይቼ ወደ ተራራው ይዣት ወጣሁ። ወዴት ቢሉ፣ እኔ ወደምወደው መንገድ። መንገዱ ሲጀምር ሜዳ ነው፤ ጥቂት ከተሄደ በኋላ ግን በባሕር ዛፉ መካከል ቁልቁል ይወርዳል፤ ጎርፍ ቦርቡሮታል፤ የዛፉ ሥር አግጥጦበታል፤ አንድ ጊዜ ከገቡበት ወዲያም መመለሻ የለውም። እኔ ቀድሜ ወረድሁና ከታች ቆሜ «ፍሬኑን ለቀቅ አድርጊው! ምን ያስፈራሻል!» እያልሁ እጮህ ጀመር። እርሷ ከብስክሌቷ ወርዳ እየገፋች መጣች። አልወደቀችም፤ ምንም አልነካትም፤ ነገር ግን እስከ ሽሮ ሜዳ ድረስ አንድ ቃል አልተናገረችም።

ክረምቱ ገባ፤ ነገሩም ሳይነሣ ከረመ። በነሐሴ መጨረሻ አንድ ቀን ማታ ቡና እየጠጣን ሳለን እኔው አነሣሁትና «ያን ቀን ገደሉ አስፈርቶሽ ነበር፤ ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኋት። እርሷም ሲኒዋን አስቀምጣ፣ «የፈራሁት ገደሉን አይደለም፤ አንተ ከታች ቆመህ ስትጠብቀኝ ማየቱን ነው እንጂ። ልጆቹን ስታስጠና እንኳ እንደዚያ አትጮህም» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ። ያን መንገድ የመረጥሁት ለእርሷ ብዬ ሳይሆን እኔ እንዴት እንደምወርድበት እንድታይልኝ ኖሯል።

መስቀል ካለፈ በኋላ ብስክሌቴን ቤት ትቼ ሁለት ቅዳሜ በእግሬ ብቻ ወደ እንጦጦ ወጣሁ። የአደይ አበባው ገና አልረገፈም ነበር። በብስክሌት ስሄድ ያላስተዋልሁትን ብዙ ነገር በእግሬ አየሁ፤ ከሁሉ በፊት ግን ትንፋሼ ሲያጥር አየሁ። ተራራው ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር ያልፋል። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከዐሥር ሰባት እጅ ያህል ብቻ ነው፤ በ1800 ሜትር ላይ ባለችው ባሕር ዳር ግን ከዐሥር ስምንት እጅ ይሆናል። አዲስ አበባ መኖራችን ጥቂት ያለማምደናል እንጂ ነገሩን አያስቀረውም። ስለዚህ ሰው በወጣትነቱ ጣና ዳር ያለ ድካም ይነዳ ነበር ማለት እንጦጦ ላይም እንዲሁ ይሆንለታል ማለት አይደለም። ልብ ሲመታና ትንፋሽ ሲያጥር ደግሞ ሰው የደከመው ሳይሆን የፈራ ይመስለዋል። እኔም ያን ቀን ፍርሀት ነው ብዬ የጮኽሁበት ነገር እኩሌታው የአየር ማነስ ሳይሆን አይቀርም።

ሁለተኛውን ትምህርት ያገኘሁት ዕንጨት ተሸክመው ከሚወርዱ አንዲት እናት ነው። መንገዱ ለሁለት ከሚከፈልበት ቦታ ደርሼ ሳመነታ አየኋቸውና «እናቴ፣ የትኛው ይሻላል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሸክማቸውን ሳያወርዱ በአገጫቸው እያመለከቱ፣ «ያ የውሃ መንገድ ነው ልጄ፤ ሸክም ያለው ሰው በዚያ አይወርድም። በዚህኛው አህያም ይሄድበታል» አሉኝ። ቆሜ ሳስበው የተራራው መንገድ ሁሉ በዚህ ቃል ተለየልኝ። ውሃ የሠራው መንገድ በአጭሩ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ከሥሩም ድንጋይና ሥር ያወጣል። ጭነት ያለበት እግር የሠራው መንገድ ግን ዳገቱን እየሰነጠቀ፣ አንድ ጊዜ ወደ ግራ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ እየታጠፈ፣ ማረፊያ እያበጀ ይሄዳል። የእኔ ተወዳጅ መንገድ የውሃ መንገድ ነበር።

በቨርጂንያ የሚኖር ወንድሜ በስልክ እንደ ነገረኝ በእነርሱ ዘንድ የተራራ ብስክሌት መንገድ በምልክት የተለየ ነው፤ አረንጓዴ ክብ ለቀላሉ፣ ሰማያዊ አራት ማዕዘን ለመካከለኛው፣ ጥቁር የአልማዝ ቅርጽ ለከባዱ ይቆምለታል። መልካም ሥርዐት ነው። ሆኖም ምልክቱ መንገዱን ይለካል እንጂ በዚያ ቀን የሚሄድበትን ሰው አያውቅም፤ ይህን ወንድሜም አልካደም።

ከእንጦጦ ጀርባ ያለውን የሱሉልታን ሜዳም አስቤ ነበር። ለጥ ያለ በመሆኑ ሯጮች ይለማመዱበታል፤ ነገር ግን ወደ ጎጃም የሚወስደው አስፋልት የጭነት መኪና ስለሚበዛበት ከዚያ መራቅ ያሻል፤ ነፋሱም ብርቱ ነው። ይልቁንም ለባለቤቴ ሳማክራት «ሜዳማ ባሕር ዳርም ነበረልኝ» ብላ ሳቀች። እውነትዋን ነው። ከመጠን በላይ ከባድ መንገድ የሰውን ወኔ እንደሚሰብር፣ ከመጠን በላይ ቀላሉም ሰውን እንደ ሕፃን ያስቈጥረዋል።

በመጨረሻ የመረጥሁት በተራራው ጫፍ ላይ የሚሄድ የአህያ መንገድ ነው። ወደ ታች አይወርድም፤ እንደ ወገብ መታጠቂያ ተራራውን ተከትሎ ይዞራል፤ ርዝመቱም ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሁሉ በላይ የወደድሁለት በሦስት ቦታ ወደ አስፋልቱ የሚያወጣ መውጫ ስላለው ነው። የደከመ ሰው ከሦስቱ በአንዱ «ይበቃኛል» ብሎ ቢወጣ ማንም ሸሸ አይለውም። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ በተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ውስጥ የተስተካከለ የብስክሌት መንገድ እንዳለ አውቃለሁ፤ ለመጀመሪያ ቀን እርሱንም መምረጥ ይቻላል። ባለቤቴ ግን አፈር መንገድ እንጂ የሰው ግርግር አልፈለገችም።

ጊዜውንም መርጠናል። በክረምት የተራራው ጭቃ ጎማ ይይዛል፤ በበጋ ማብቂያ ደግሞ የደረቀው የባሕር ዛፍ ቅጠልና ፍሬ እንደ ጠጠር ከጎማ ሥር ይንከባለላል። ጥቅምት ግን አፈሩ ጠጥቶ የደረቀበት ጊዜ ነው። ጾመ ነቢያት ከመግባቱ በፊት መሆኑም ረድቶናል፤ ባዶ ሆድ ይዞ በዚያ ከፍታ ዳገት መግፋት ራስ ያዞራልና።

ቅዳሜ ማለዳ ብስክሌቶቹን በመኪና ጭነን ወጣን፤ የሽሮ ሜዳን ዳገት በፔዳል መግፋት የዚያ ቀን ሥራ አልነበረም። ኮርቻዋን ዝቅ አድርጌ ሁለቱም እግሯ መሬት እንዲነካ አደረግሁ። ጎማውን ለአስፋልት ከሚነፋው ትንሽ አጎደልሁለት። የባሕር ዳሯ ብስክሌት ማርሽ ስላልነበራት፣ ዳገቱ ሳይጀምር አስቀድሞ ወደ ቀላሉ መለወጥ እንዳለባት ሜዳው ላይ ቆመን ደጋግመን ሞከርነው። ቁልቁለት ሲሆን የፊተኛውን ፍሬን ብቻውን በኃይል መያዝ ሰውን በአፍጢሙ ስለሚደፋ ሁለቱን አንድ ላይ በቀስታ መያዝ እንዲገባ ነገርኋት። እርሷም «ሰማሁ፤ አሁን ከኋላዬ ሁን» አለችኝ።

ከኋላዋ ሆንሁ። ከፊቴ ማንም ሲሄድ የማይሆንልኝ ሰው ስለ ሆንሁ ይህ ለእኔ ቀላል አልነበረም። በመጀመሪያው ዳገት ወርዳ ገፋች፤ እኔም ወርጄ ገፋሁ። በመጀመሪያው መውጫ ቆመች፤ ውሃ ጠጣች፤ ወደ አስፋልቱ አንድ ጊዜ አየችና ዝም ብላ ቀጠለች። በሁለተኛው አልቆመችም። መንገዱ በዛፎቹ መካከል ሲታጠፍ ቀሚስ ሰብስባ ትምህርት ቤት የምትሄደዋን፣ እኔ ከቶ ያላየኋትን የባሕር ዳር ልጅ ከኋላዋ አየሁ መሰለኝ።

ሦስተኛው መውጫ ስንደርስ መኪናችን ይታያል። እርሷ ግን በስተ ግራ በቍጥቋጦው ውስጥ የሚገባውን ሌላ ቀጭን መንገድ እያየች፣ «ይኸኛውስ ወዴት ይወስዳል?» አለችኝ።

«አላውቀውም፤ በእግሬ ገና አላየሁትም» አልኋት።

«እንግዲያው አሁን እንየው» አለችና ብስክሌቷን ከባሕር ዛፉ ግንድ ላይ አስደገፈች። የእኔንም ከጎኑ አስደገፍሁና ተከተልኋት።